ዥንጉርጉሩ ፊያት፦ የጠቃጠቆ ካሞፍላጅ በሞዴል አውሮፕላን ላይ እንዴት ይቀባል?

የመጀመሪያው የሲአር 42 ሞዴሌ፣ የጣልያን ተዋጊ አውሮፕላን ነው፣ ጅግራ ሆኖብኝ ቀረ። አረንጓዴው ነጠብጣብ እኩል በእኩል፣ አንዱ ከሌላው በአንድ ዓይነት ርቀት፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ተደርድሯል። አንድ ጓደኛዬ መደርደሪያዬ ላይ አየውና «ይሄ ይበላል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። አልተቀየምኩም። ልክ ነበረ።

የምንፈልገው ነብር ነው። ነብር ላይ አንዱ ጠቃጠቆ ትልቅ ነው፣ አንዱ ትንሽ። አንዳንድ ቦታ ይጠጋጋል፣ አንዳንድ ቦታ ይሳሳል። ሁለት ሦስቱ ተያይዘው ስም የሌለው ቅርጽ ይሠራሉ። ዓይን የት ላይ እንደሚያርፍ ግራ ይገባዋል። የካሞፍላጅ ሥራም ይኸው ነው፤ የአውሮፕላኑን ቅርጽ ከመሬቱ ጋር ማምታታት።

ከዚያ ጅግራ በኋላ ሦስት ዥንጉርጉር አውሮፕላኖች ቀብቻለሁ። እጄ የለመደው ሦስተኛው ላይ ነው። እዚህ የምነግራችሁ አራት ኪሎ ባለችው የኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ እያበላሸሁ የተማርኩትን ነው።

የትኛውን አውሮፕላን?

ዥንጉርጉር ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ነው። እሱ ግን ጠቃጠቆው በአብዛኛው ጎኑ ላይ ነው። ጣልያኖቹ ከላይ የሚታየውን ሁሉ ነው ያዥጎረጎሩት፤ ክንፉን፣ ጀርባውን፣ ጭራውን። ለመማር ከፈለጋችሁ እሱ ይሻላል። ብዙ ሜዳ አለው።

እኔ የመረጥኩት ፊያት ሲአር 42 ፋልኮ የሚባለውን ነው። ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ ተዋጊ ነው፣ የኢንጂነር ቸለስቲኖ ሮዛቴሊ ንድፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1938። እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 እዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ላይ ከእንግሊዝና ከደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ጋር ሲዋጋ ነበር። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ መንገዱ ሁሉ ስለተዘጋ ተፈታትቶ፣ ሳቮያ ማርኬቲ 82 በሚባል ትልቅ ማጓጓዣ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተጭኖ ይመጣ ነበር። አውሮፕላን በአውሮፕላን ሆድ። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሌላ ሞዴል አላማረኝም።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ግን ነገሩ አልጣማቸውም። ደረጃ ሲወጡ በሩ ክፍት ነበርና ቆም ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የጣልያን አይደለም እንዴ?»

«ነው ጋሼ።»

«በ28ቱ መርዝ የረጨብን?»

«አይ፣ ይሄ ያኔ ገና አልተሠራም። ይሄ ዘግይቶ የመጣው ነው፣ እንግሊዞቹ ጋ የተታኮሰው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲያው ከሚያዝያ 27 በፊት አውርደው» ብለውኝ ወጡ። የድል ሐውልቱ ከቤታችን አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ በዚያ ቀን የአርበኞቹ ሽለላ እስከ በረንዳዬ ይሰማል። ከመደርደሪያ አውርደው ማለታቸው ይሁን ከሰማይ እስካሁን አልገባኝም።

መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ማስመሪያ

ቀለም ከመክፈታችሁ በፊት የእውነተኛውን አውሮፕላን ፎቶ ፈልጉ። የሌላ ሰው ሞዴል ካያችሁ የሰውየውን ስህተት ነው የምትወርሱት። የዚያ ዘመን ፎቶ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ለቀለሙ ባይሆን ለቅርጹ ይበቃል።

ፎቶው ላይ ጠቃጠቆውን ከምታውቁት ነገር ጋር አስተያዩት። ከጎማው ጋር፣ ከአብራሪው ጭንቅላት ጋር። «ትልቁ የአንድ ሰው ጭንቅላት ያህላል፣ ትንሹ መዳፍ ያህላል» ማለት ከቻላችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል። ቀሪው ማካፈል ነው።

ሲአር 42 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 9.70 ሜትር ነው። በ1/72 ሞዴል (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው) 13.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ በ1/48 ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ስለዚህ እውነተኛው አውሮፕላን ላይ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠቃጠቆ በ1/48 ላይ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ1/72 ላይ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ። 15 ሴንቲ ሜትር የነበረው 3 እና 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በጓዳ ቋንቋ፣ ለ1/48 ትልቁ ጠቃጠቆ ከምስር ፍሬ አይበልጥ፤ ለ1/72 ትንሹ የጎመን ዘር ይሁን። የእኔ ጅግራ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ባቄላ ያህሉ ነበር።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጠርዙን ነው። እውነተኛው አውሮፕላን በእጅ በሚያዝ መርጫ ነው የተቀባው። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ቀስ እያለ ይሳሳል። ይሄ የሳሳ ጠርዝ እዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እንኳ በ1/48 ላይ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንድ ክንድ ርቀት ሲታይ ጥርት ያለ ይመስላል። ኤርብረሽ (ቀለምን በአየር የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) አዲስ የያዘ ሰው ይሄን ረስቶ ጠርዙን ያደበዝዘዋል፣ ያጨሰዋል። ውጤቱ ካሞፍላጅ ሳይሆን የሻገተ እንጀራ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ 1/48 ውሰዱ። 1/72 ርካሽ ነው፣ ቦታም አይፈጅም፣ ግን ያስለቅሳል።

ዕቃ

ኤርብረሹ ባለ ሁለት እንቅስቃሴ ይሁን፤ ቃታው ወደ ታች ሲጫን አየር፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ቀለም የሚለቅ። የቀለም መውጫው ቀዳዳ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ የሰፋው ለመሠረት ቀለም እንጂ ለጠቃጠቆ አይሆንም።

አየሩን በተመለከተ፣ ትንሽ ኮምፕረሰር ካላችሁ ጥሩ። ማጠራቀሚያ ታንክ ያለውን ምረጡ፤ መብራት መሀል ላይ ሲሄድ የያዛችሁትን ክንፍ ለመጨረስ የሚበቃ አየር ይተርፋችኋል። እኔ ኮምፕረሰር ከመግዛቴ በፊት በመኪና ትርፍ ጎማ ነበር የምሠራው። ጎሚስታ ጋ ወስዶ ማስነፋት፣ ቫልቩ ላይ ቱቦ ማሰር፣ መሀል ላይ ግፊት መቀነሻ መግጠም። ግፊት መቀነሻውን ግን እንዳትተዉት። ጎማው እየተነፈሰ ሲሄድ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል፣ ጠቃጠቆውም ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው መልኩን ይቀይራል። ጎሚስታው ሦስተኛ ቀን ስመጣ «መኪናህ የት ነው ያለችው?» ብሎ ጠየቀኝ። መኪና የለኝም። ጎማው የአጎቴ ነው።

ቀለም እዚህ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ብዙዎቻችን የምናስመጣው ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ኢናሜልና ላከር የሚባሉት የቀለም ዓይነቶች ተቀጣጣይ ናቸው፤ ሰው አታስቸግሩ። እንደ ቫዬሆ ያለ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሻላል። ለዚህ አውሮፕላን አራት ቀለም በቂ ነው። ለመሠረቱ ደረቅ ገለባ የመሰለ አሸዋማ ቢጫ፣ ለጠቃጠቆው መሀከለኛ አረንጓዴና ቀይ አፈር የመሰለ ቡኒ፣ ለሆዱ ግራጫ። ጣልያኖቹ ጃሎ ሚሜቲኮ፣ ቬርዴ ሚሜቲኮ፣ ማሮኔ ሚሜቲኮ፣ ግሪጆ ሚሜቲኮ ይሏቸዋል። የቀለም ጠርሙሱ ላይ እነዚህን ስሞች ካያችሁ ራሳችሁን አታድክሙ፣ እሱኑ ግዙ።

የመተንፈሻ ጭምብል አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። አክሪሊክ አይሸትም ማለት ሳንባ ውስጥ አይገባም ማለት አይደለም።

ማቅጠን፦ ሁሉም እዚህ ነው የሚወሰነው

ከእጅ ብልሃት ይልቅ የቀለሙ ቅጥነት ይበልጣል። እጁ የተካነ ሰው በወፍራም ቀለም ጥሩ ጠቃጠቆ አይሠራም፤ ጀማሪ በትክክል በቀጠነ ቀለም ይሠራል።

ለመሠረት ቀለም ወተት ያህል ይበቃል። ለጠቃጠቆ ግን አጓት ነው የምንፈልገው። አይብ ሲወጣ የሚቀረውን ውሃ አስቡት፤ ቀለም አለው፣ ግን ከማንኪያ ላይ ሲፈስ ምንም አይዘገይም። ከአንድ እጅ ቀለም ሁለት እጅ ማቅጠኛ ጀምሩ። ካልበቃ እስከ ሦስት ሂዱ። መፈተኛው እንዲህ ነው፤ በስቲኪኒ ቀላቅሉና የኩባያውን ግድግዳ አስነኩት። ቀለሙ ወዲያው ወርዶ ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ብቻ ከተወ ደርሷል። ግድግዳው ላይ ከቆመ ገና ነው።

ማቅጠኛውን የቀለሙ አምራች የሚሸጠውን ተጠቀሙ። ሲያልቅባችሁ የተጣራ ውሃ ያገለግላል። ጋራዥ የሚሸጠው የባትሪ ውሃም ይሆናል፣ ግን የባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ጠይቁ። አልኮል ግን ተዉት። እኔ አንድ እሁድ ማቅጠኛ ቢያልቅብኝ «አልኮልም ያው ነው» ብዬ ከፋርማሲ የገዛሁትን ጨመርኩ። ቫዬሆው ኩባያው ውስጥ እርጎ ሆነ። ኤርብረሹን ፈታትቼ ሳጸዳ ዋልኩ። አልኮል እንደ ታሚያ ላሉት አክሪሊኮች ይስማማል፤ ለሁሉም አይደለም። የመኪና ቀለም ቤቱ ቲነር ደግሞ ፕላስቲኩን ራሱን ይበላዋል። ካላመናችሁኝ ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡበት ፍሬም ላይ አንድ ጠብታ ጣሉና እዩ።

አሁን ስለ አዲስ አበባ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፣ በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። በዚህ ምክንያት ቀለም ቶሎ ይደርቃል፣ ያውም ኤርብረሹ ጫፍ ላይ። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው የጻፈውን መጠን እንዳለ ብትወስዱ በየሁለት ደቂቃው ኤርብረሹ ውስጥ ባለው መርፌ ጫፍ ላይ ትንሽ ቅርፊት ይሠራል፣ ከዚያ ይተፋል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ከተለመደው ትንሽ አብልጣችሁ አቅጥኑ፣ ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ የሚያዘገይ ፈሳሽ (ሪታርደር) አንድ ሁለት ጠብታ ጨምሩ፣ አጠገባችሁ እርጥብ ጥጥ አስቀምጡና የመርፌውን ጫፍ ቶሎ ቶሎ ጥረጉ። ክረምት ላይ ተቃራኒው ነው። አይደርቅም። ሐምሌ ላይ አንዱን ቀለም ቀብታችሁ ሌላውን ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ሌሊት አሳድሩት።

ገላውን ማዘጋጀት

የላይኛውን ክንፍ አሁን አትለጥፉት። የሲአር 42 የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ያጥራል፤ ላይኛው ከተለጠፈ በኋላ ታችኛው ላይ ጠቃጠቆ ማድረግ ጠርሙስ ውስጥ እጅ እንደመክተት ነው። ገላውንና የታችኛውን ክንፍ ለብቻ፣ የላይኛውን ለብቻ ቀቡ። ደግነቱ በክንፎቹ መሀል ያለው ድጋፍ ጠንካራ ዘንግ ስለሆነ እንደሌሎቹ ባለ ደርብ አውሮፕላኖች በክር መወጠር የለበትም።

ስንጥቆቹን በሞዴል ስቱኮ ሙሉና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። የባትላሜራ ቤቱ ስቱኮ ለዚህ ሻካራ ነው። (ጎሚስታ፣ ባትላሜራ፣ ስቱኮ፣ ካቻቢቴ። የጣልያንን አውሮፕላን በጣልያን ቃል እየሠራሁ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።) ከዚያ በሞቀ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት። የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም አይዝም።

ግራጫ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሁሉ በፊት የሚቀባው)፣ ቀጥሎ የሆዱ ግራጫ፣ ቀጥሎ ሆዱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ ከላይ አሸዋማው ቢጫ። ቢጫው ውስጥ ትንሽ ነጭ ጨምሩ፤ ከአሥር አንድ እጅ በቂ ነው። ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ከእውነተኛው የጠቆረ ይመስላል። የምሥራቅ አፍሪካ ፀሐይም ቢሆን የአውሮፕላን ቀለም አይምርም። ሲጨርስ አንድ ቀን ይረፍ። ከዚህ ቀለም ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ በትንሽ ዕቃ አስቀምጡ፤ በኋላ ያድናችኋል።

ሃይላንድ ላይ ልምምድ

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። ክብነቱ የአውሮፕላን ገላ ይመስላል። መጀመሪያ ቢጫውን ቀቡት፣ ከዚያ ሙሉውን በጠቃጠቆ ሙሉት። እየቀለድኩ አይደለም፣ ሙሉውን። አንድ ጠርሙስ ላይ ሁለት መቶ ያህል ጠቃጠቆ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሃምሳዎች አስቀያሚ ይሆናሉ። ከመቶ በኋላ እጃችሁ ራሱ ያውቀዋል።

ግፊቱን ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ አድርጉ፤ በባር አንድ ገደማ ማለት ነው። ቀለሙ በደንብ ከቀጠነ ወደ 10 ማውረድ ይቻላል። ከ15 በላይ ከሆነ አየሩ ገና ያልደረቀውን ቀለም ይገፋዋል፣ የሸረሪት እግር ይሠራል። ርቀታችሁ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር። አዎ፣ ይህን ያህል ቅርብ። የመርፌውን መከለያ ቆብ የሚፈታ ከሆነ ፍቱት፣ አየሩ ተመልሶ እንዳይረብሽ። መርፌው አሁን ራቁቱን ነውና አንዴ ቢነካ ይጎብጣል፣ ተጠንቀቁ።

ጠቃጠቆው

ቃታውን ጫኑ፣ አየር ብቻ ይውጣ። ከዚያ የፀጉር ስፋት ያህል ወደ ኋላ ሳቡ። ቀለም ይወጣ አይወጣ እስኪያጠራጥራችሁ ድረስ ትንሽ። ጫፉን ጠቃጠቆው መሀል ላይ አድርጉና ጥቃቅን ክብ እየሠራችሁ ወደ ውጭ ውጡ፣ ልክ እርሳስ እንደምታጠቁሩበት። አንድ ጊዜ አትጨርሱት። የመጀመሪያው ዙር ጥላ ብቻ ይሁን። እጃችሁን አንሱ፣ ሌላ ቦታ ሂዱ፣ ከዚያ ተመለሱና በሁለተኛ ዙር አጠንክሩት። ቀለሙን መጀመሪያ ዝጉ፣ አየሩን በመጨረሻ። ሁለቱን አንድ ላይ ከለቀቃችሁ ለቀጣዩ ጠቃጠቆ ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ ይጠብቃችኋል።

እጃችሁ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ካልሆነ ቀለም አይውጣ። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መርጨት ፍጹም ክብ ይሰጣል። ፍጹም ክብ ማለት ጅግራ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቅደም ተከተሉ። እኔ ያበላሸሁት ከአፍንጫ ጀምሬ ወደ ጭራ በመሄዴ ነው። እጅ መንገድ ካገኘ ምት ይይዛል፣ ምት ከያዘ ይደረድራል። ስለዚህ ከማይታየው ቦታ፣ ከጭራው ሥር ጀምሩ። ከዚያ ገላው ላይ ሁሉ እዚህም እዚያም በጣም አራርቃችሁ ትልልቆቹን ብቻ አስቀምጡ። አንድ ክንፍ ላይ አሥር ያህል። ወደኋላ ብላችሁ እዩ። ከዚያ መሀከለኞቹን ጨምሩ፣ አንዳንዱን ከትልቁ ጋር አያይዙት። በመጨረሻ ጥቃቅኖቹን ባዶ የመሰለው ቦታ ላይ በትኑ። ባዶውን ሁሉ ግን አትሙሉ።

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሞዴሉን ገልብጡት። ጭራው ወደ እናንተ ይሁን። ዓይን ሲገለበጥ ወዲያው «እዚህ ጋ ሰልፍ አለ» ይላችኋል። የስልክ ካሜራም ይረዳል፣ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ ከድሮው ፎቶ ጎን አስቀምጡት። እኔ ዓይኔን ከማምን ስልኬን አምናለሁ።

ሁለቱ ክንፎች መመሳሰል የለባቸውም። ግራው ላይ ያለው ቀኙ ላይ ቢደገም ማንም ሳይነግረው ሰው ያውቀዋል። በሌላ በኩል ጥግግቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ ክንፍ ሸማ፣ ሌላው ጋቢ እንዳይመስል።

በመጀመሪያ አረንጓዴውን ጨርሱ፣ አሳድሩት፣ ከዚያ ቡኒውን። ቡኒው አነስ ይበል፣ ቁጥሩም ይቀንስ። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ቡኒውን አረንጓዴው በተወው ክፍት ቦታ ላይ ብቻ ማስቀመጥ ትፈልጋላችሁ፣ ምክንያቱም የተስተካከለ ይመስላል። አታድርጉት። አንዳንዱ አረንጓዴውን ይንካ፣ አንዳንዱ ግማሽ ጎኑ ላይ ይውጣበት። እውነተኛውን አውሮፕላን የቀባው ሠራተኛ ማን ያውቃል ስንት ክንፍ ይጠብቀው እንደነበር። እያንዳንዷን ጠቃጠቆ ቦታ አልመረጠላትም።

በረንዳ ላይ ለምትሠሩ አንድ ምክር። የቀጠነ ቀለም በነፋስ ይሄዳል። ከላይ ያሉት እትዬ ነጠላቸውን አስጥተው ነበር። አረንጓዴ ነበር የምረጨው። ሌላ አልናገርም፤ ነጠላ ገዝቼ ተክቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ካርቶን በጎኑ አስተኝቼ ውስጡ ነው የምረጨው፣ ያውም ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ።

ሲበላሽ

ይበላሻል። ያስቀመጣችሁት ቢጫ የሚያስፈልገው አሁን ነው።

ጠቃጠቆው ከበዛ ወይም ጠርዙ ከሻገተ ቢጫውን እንደ አጓት አቅጥናችሁ ከውጭ በኩል ጠርዙን ቁረጡት። ማለትም ጠቃጠቆውን ሳይሆን ዙሪያውን ቀቡ። ክቡን ነገር ወደ ኩላሊት ቅርጽ፣ ወደ ደመና ቅርጽ መቀየር የምትችሉት በዚህ ነው። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ከሦስተኛው ሞዴሌ ውበት ግማሹ የመጣው ከመርጨት ሳይሆን ከዚህ ቆረጣ ነው።

የሸረሪት እግር ከወጣ አትንኩት። ሳይደርቅ ከነካችሁት ይባስ ይሰፋል። ይድረቅ፣ በጣም ደቃቅ በሆነ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አለስልሱት፣ ከዚያ በቢጫ ሸፍኑት። ጥቃቅን ፍንጥቅጣቂ ከበዛ ወይ ቀለሙ ወፍሯል፣ ወይ ጫፉ ላይ ደርቋል። ጥረጉ፣ አቅጥኑ፣ ሃይላንዱ ላይ ሞክሩ፣ ተመለሱ።

ሁሉም አልቆ ቀለሞቹ የተጣሉ ከመሰሉ፣ አንዱ ወጥቶ አንዱ ገብቶ ከታየ፣ ቢጫውን ከአንድ እጅ ቀለም አሥር እጅ ማቅጠኛ አድርጋችሁ ከ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት በሙሉ ገላው ላይ እንደ ጉም አሳልፉት። አንድ ጊዜ። ቢበዛ ሁለት። ቀለሞቹ ፀሐይ አብሯቸው የኖረ ይመስላሉ። ሦስተኛ ጊዜ ከደገማችሁት የለፋችሁበት ሁሉ ይጠፋል።

ኤርብረሽ ለሌላችሁ

በብሩሽም ይሆናል፣ በተለይ በ1/72። ያረጀ ክብ ብሩሽ ውሰዱና ፀጉሩን አሳጥራችሁ በመቀስ ቁረጡት፣ ጫፉ ጠፍጣፋ እስኪሆን። ወፍራም ቀለም ትንሽ አስነኩት፣ ከዚያ ወረቀት ላይ እየወጋችሁ ቀለሙ ሊያልቅ ትንሽ እስኪቀረው አድርቁት። ሞዴሉ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ውጉት፣ አትጎትቱ። ጠርዙ ላይ የሚቀሩት ጥቃቅን ነጥቦች ከሩቅ ሲታዩ የተረጨ ያስመስሉታል። ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን መብራት አይጠይቅም።

ማልበስና መግጠም

ቀለሙ ሁለት ቀን ይረፍ። ከዚያ አንጸባራቂ ቫርኒሽ። ዲካል (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፍ የምልክት ሥዕል) ለስላሳ ገጽ ላይ ካልተለጠፈ ሥሩ አየር ይይዝና የብር ቀለም ያለው ጠርዝ ይታያል። የጭራው መሪ ላይ ነጭ መስቀልና መሀሉ ላይ የሳቮይ (የጣልያን ንጉሣዊ ቤተሰብ) ጋሻ አለ፤ ነጩን በቀለም ቀቡት፣ ጋሻውን ብቻ በዲካል። በዲካል የመጣ ነጭ ሥሩ ያለውን ጠቃጠቆ ያሳልፋል። ዲካሉ ሲደርቅ ማት ቫርኒሽ አልብሱትና ብልጭታውን ግደሉ።

የላይኛው ክንፍ በመጨረሻ ይግባ። ድጋፎቹን መጀመሪያ የታችኛው ክንፍ ላይ አቁሙ፣ ሙጫው ሊይዝ ሲል ላይኛውን ገልብጣችሁ ጠረጴዛው ላይ አስተኙና ገላውንም ገልብጣችሁ ከላይ አስቀምጡበት። በመጽሐፍ ደግፉት። ከፊት ሆናችሁ እዩ፤ ሁለቱ ክንፎች ትይዩ ካልሆኑ ለማስተካከል አሥር ደቂቃ አላችሁ።

ሚያዝያ 26 ማታ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ነበሩ።

«አወረድከው?»

«አውርጄዋለሁ ጋሼ። ካርቶን ውስጥ ነው።»

«እስቲ አሳየኝ።» ካርቶኑን ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ክንፉን ወደ መብራቱ አዘንብለው ረጅም ጊዜ አዩት። «ነብር አስመስለኸዋል» አሉና መልሰው ካርቶኑ ውስጥ አስተኙት፣ ክዳኑንም ራሳቸው ዘጉት።